ሰኞ ገበያ፦ ደጋና ቆላ የሚገናኙበት ጣራ

ሰኞ ጠዋት ከቦሩ ሜዳ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ባዶ አይሆንም። ገብስና ባቄላ የጫነ አህያ፣ የባሕር ዛፍ እንጨት የተሸከመች ሴት፣ በግ የሚነዳ ልጅ፣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ነው የሚሄደው። የታሪክ አንባቢ ቦሩ ሜዳን የሚያውቃት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ለአካባቢው ገበሬ ግን ሳምንት ማለት ከሰኞ ገበያ እስከ ሰኞ ገበያ ያለው ጊዜ ነው።

የደሴ ሰው ገበያውንም ሰፈሩንም በቀኑ ስም ሰኞ ገበያ ብሎ ይጠራዋል። በሌላው ቀንም ሻጭና ገዢ አይታጣበትም፤ የሚደራው ግን ሰኞ ነው።

ይህን ገበያ ለመረዳት የመሬቱን ከፍታ ማወቅ ይጠቅማል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ መንገደኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስላለ ጋቢውን ያወልቃል። ከዚያ ወዲያ የቃሉ ማሽላና ማሾ አለ፤ ከዚያም ባቲ፣ ከባቲ ማዶ የአፋር ሜዳ። ባቲም የምትገበያየው ሰኞ ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ግመልና ፍየል፣ እህልና ጨው ይዘው እዚያ ይገናኛሉ። በደሴው ገበያ የቆላው ሎሚና ማሽላ ከደጋው ገብስና ባቄላ ጎን የሚቀመጠው ደጋና ቆላው እንዲህ ስለሚቀራረቡ ነው። ከየት እንደመጣ እየጠየቁ ቢዞሩ ወሎን በግማሽ ቀን ያዳርሷታል።

ጣራው ቆርቆሮም ሸራም ነው፤ አንዱ ያበቃበት ላይ ሌላው ይቀጠላል። ከሥሩ ሲገቡ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ የሚመራው አፍንጫ ነው። በርበሬው ያስነጥሳል፤ ኮረሪማው፣ አብሹና ጥቁር አዝሙዱ ይከተላሉ፤ የደጋው ጦስኝ ደግሞ ከሁሉ ተለይቶ ይታወቃል። እህሉ በኪሎና በኩንታል ሲሄድ፣ ቅመሙ በጣሳና በሲኒ ይሰፈራል፤ ድንችና ሽንኩርቱ በመደብ ነው። ሻጯ ጣሳውን ሞልታ፣ በእጇ ከምራበት ሳታበቃ ገዢዋ «መርቂበት እንጂ፣ እናቴ» ትላታለች። ከልኩ በላይ የምትጨመረው ያች እፍኝ ምራቂ ትባላለች። መመረቅ ጸሎትም ጭማሪም መሆኑ፣ ምርቃት በሚወደድበት በወሎ ጆሮ ለይቶ የሚሰማው ነገር ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምቆምበት የስፌት ተራው ነው። ሰፌዱ፣ ሌማቱ፣ ሙዳዩና መሶቡ የሚጀምሩት ከሣር ነው። ስንደዶው ውስጥ ገብቶ አጥንት ይሆናል፤ አክርማው በላዩ ይጠመጠማል፤ ቀለም የተነከረው አለላ ጌጡን ያወጣል። ሰፊዋ በወስፌ እየበሳች እያንዳንዱን ዙር ካለፈው ዙር ጋር ታያይዘዋለች። አንድ ቦታ ላይ እጇ ከላላ መሶቡ ያዘነብላል፤ እስከዚያ ድረስ መፍታት እንጂ ማቃናት የለም። ዛሬ በማዳበሪያ ከረጢት ክር የተሰፋም ከጎኑ ይሸጣል። እሱም የእጅ ሥራ ነው፣ ቶሎም አይበላሽም፤ ነገር ግን እንጀራ እንደ ሣሩ አያቆይም። ሣሩ ትንፋሽ አለው፤ ላቡን ይጠጣል።

ከሸክላው ተራ ጀበናና ምጣድ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ በጣቱ ያንኳኳል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ከደነዘዘ ተሰንጥቋል።

የራበው አይቸገርም፦ ትኩስ ቂጣ፣ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ ሻይ አለ። ሥጋ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ በየቤቱ ለየብቻ ነው። ቂጣውና ንፍሮው ግን የሁለቱም ነውና፣ ከገበያ የመጡ ጎረቤታሞች አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይበላሉ።

ወደ ደሴ ብቅ የምትሉ ከሆነ ሰኞን ምረጡ፤ በጠዋት ግቡ፤ የሩቅ አገር ሰው ከሰዓት በኋላ ወደ መንደሩ መመለስ ይጀምራል። ከስፌት ተራው መሶብ ስታነሡም ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ሰፊዋን ስንት ቀን እንደፈጀባት ጠይቋት።