የእንግዳ ተማሪ ዝምታ በጃፓን

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 የኢትዮጵያ መንግሥት መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን በተጓዙ ጊዜ የሄዱት በባሕር ነበርና፣ መርከቡ ወደ ምሥራቅ በገፋ ቍጥር ፀሐይ በየማለዳው ከትናንቱ ጥቂት ደቂቃዎች ቀድማ እየወጣችላቸው፣ ሰውነታቸው ሳይቸኵልና ሳይታወቀው ካገሩ ሰዓት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሰዓት ተሻገረ። ዛሬ ለከፍተኛ ትምህርት ወደዚያች አገር የሚሄደው ወጣት ግን ከቦሌ ተነሥቶ በማግሥቱ ቶኪዮ ሲገባ፣ እግሩ ደረሰ እንጂ ሰውነቱ በሙሉ አልደረሰም። የጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዘመን የሚከፈተው በእኛ አቈጣጠር በመጋቢት ማለቂያ፣ የቼሪ ዛፍ በሚያብብበት ሰሞን ነው፤ ያን ጊዜ ግቢው፣ አዲስ ገቢዎችን ወደ ስፖርትና ወደ ሙዚቃ ማኅበሮቻቸው በሚጠሩ ነባር ተማሪዎች ድምፅ ይሞላል። ባገሩ ሳለ በክርክር የታወቀው፣ በጨዋታውም ጓደኞቹን ያስቅ የነበረው እንግዳ ግን በዚህ ሁሉ መካከል ዝም ይላል። ጃፓናውያኑ ዓይን አፋር ነው ብለው ይተዉታል፤ እርሱም ማታ ብቻውን ሲሆን፣ አእምሮዬ ደነዘዘ እንዴ እያለ ይሠጋል። ስለዚህ ዝምታ መጻፍ የፈለግሁት፣ ብዙ ብርቱ ወጣቶች ራሳቸውን በከንቱ ሲወቅሱበት ስላየሁ ነው፤ ምክንያቱ የተማሪው ስንፍና አይደለምና፣ ሊቃውንትም መርምረው የለኩት ነገር ነውና።

አስቀድሞ የሰውነትን ሰዓት እንመልከት። በአንጎል ሥር፣ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች እንደ መስቀል ከሚተላለፉበት ስፍራ በላይ፣ ሃያ ሺህ ያህል የነርቭ ሕዋሳት የተሰበሰቡባት እጅግ ታናሽ ቦታ አለች። እንቅልፍ መቼ እንዲመጣ፣ የሰውነት ሙቀት መቼ እንዲወርድና እንዲወጣ መዓልቱንና ሌሊቱን እየቈጠረች የምትወስነው እርስዋ ናት፤ ነገር ግን የብዙ ሰዎች ሲመረመር የእርስዋ አንድ ዕለት በአማካይ ከ24 ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ በጠባይዋ ቀንን ማስረዘም ይቀላታል፣ ማሳጠር ይከብዳታል፤ ወደ ምሥራቅ የሚበር ሰው ደግሞ ቀኑን ማሳጠር ግድ ይሆንበታልና፣ ድካሙ ወደ ምዕራብ ከሚሄደው ይልቅ ይበረታል። አዲስ አበባና ቶኪዮ በስድስት ሰዓት ይለያያሉ፤ ይህች የሰውነት ሰዓት በቀን የምትጠጋው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያው ሳምንት በዚሁ ያልቃል። የጠዋቱ ትምህርት 3 ሰዓት ግድም ሲጀመር ለተማሪው ሰውነት ገና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ካህናቱ ለማሕሌት በሚቆሙበት ሰዓት እርሱ በማያውቀው ቋንቋ ስለ ሒሳብ እንዲያስብ ይጠየቃል።

የዚህ መድኃኒቱ ብርሃን ነው፤ ይሁን እንጂ ጊዜውን ያልጠበቀ ብርሃን ከማዳን ይልቅ ይጐዳል። ባገሩ ከንጋቱ 12 ሰዓት የመነሣት ልማድ ያለው ሰው የሰውነቱ ሙቀት ከሁሉ ዝቅ የሚለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ከዚያች ሰዓት በኋላ ዓይን ላይ ያረፈ ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ወደ ፊት ይገፋታል፣ ከዚያች በፊት ያረፈው ግን ወደ ኋላ ይጐትታታል። ይህች መለያ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ስትቈጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ትውላለች። እንግዲህ በደረሰ ማግሥት እንቅልፍ አጥቶ፣ ፀሐይ ልሙቅ ብሎ በ12 ሰዓት ከማደሪያው የሚወጣ ተማሪ፣ ለሰውነቱ እኩለ ሌሊት ነውና፣ ብርሃኑ የሚስበው ወደ ጃፓን ሳይሆን ወደ ምዕራብ ነው። በመጀመሪያው ቀን እስከ 4 ሰዓት መጋረጃውን ዘግቶ ቢቈይ፣ ከዚያም እስከ ቀትር ድረስ ከደጅ ቢውል፣ በየቀኑም መውጫውን አንድ ሰዓት ያህል ወደ ማለዳ ቢያስጠጋ ይበጀዋል።

ምግብም የራሱ ድርሻ አለው፤ ጉበት የአንጎልን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የመብልን ሰዓት እንደሚከተል በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምር ታውቋልና፣ ባዲሱ አገር ሰዓት መመገብ ይጠቅማል። የትምህርቱ መክፈቻ ከዐቢይ ጾም ጋር ለሚገጥምበት ጿሚ ግን ሌላ ችግር ይመጣል፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተቀዳ ነው። የቡድሃ መነኰሳት ምግብ በሚሠራባቸው ቤቶች ግን ሾርባው ኮምቡ ከሚባለው የባሕር ተክል ይቀዳል።

ሰውነት ሲረጋጋ የጆሮ ፈተና ይቀራል። ሕፃን በ6 ወሩ የየትኛውንም ቋንቋ ድምፅ ለመለየት ዝግጁ ነው፤ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦችዋ የአሜሪካና የጃፓን ሕፃናትን ሲፈትኑ፣ በ6 እና በ8 ወር መካከል የእንግሊዝኛን «ረ» እና «ለ» በመለየት እኩል የነበሩት፣ ዓመት ሊሞላቸው ሲል የአሜሪካኖቹ ጆሮ ተሻሽሎ፣ የጃፓኖቹ ደክሞ ተገኘ። ጆሮ እናቱ የማትለየውን መለየት ይተዋል ማለት ነው። ፈረንሳዊው ኢማኑኤል ዱፑም በ1999 እንዳሳየው፣ ጃፓናዊ ሁለት ተነባቢዎች ተያይዘው ሲመጡ በመካከላቸው የሌለ አናባቢ ይሰማል፤ ፈረንሳዊ ደግሞ የአናባቢን መርዘምና ማጠር አይለይም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በጃፓን ጋዜጦች «ገቡሬሴራሼ» የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነውና፣ ስሙ ሲጣመም የሚሰማ ተማሪ እንደ ንቀት አይቍጠረው፤ የጓደኛው ጆሮ በእውነት የሰማው እንደዚያ ነው።

በዚህ ረገድ አማርኛ ተናጋሪው ከአውሮፓ ከሚመጡ ብዙ ጓደኞቹ የሚበልጥበት ነገር አለ። «ኪቴ» ሲላላ «ና» ማለት ሆኖ ሲጠብቅ ቴምብር መሆኑን፣ ላልቶና ጠብቆ በሚነበብ ቋንቋ ላደገ ሰው ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። አንዱ ፊደል አንድ ቀለም መሆኑም፣ ግሡ ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ መምጣቱም ለእርሱ አዲስ አይደለም። የአናባቢው መርዘም ግን ይሰወረዋል፤ «ኦባሳን» አክስት ስትሆን፣ «ባ» ሲረዝም አያት ትሆናለች፣ በአማርኛም እንዲህ ያለ ልዩነት የለምና፣ ጆሮው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያልፋቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ ዝምታውን የሚያስከትለው ግን የመናገር ተራ ነው። በኔዘርላንድ ማክስ ፕላንክ ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በ2009 የዐሥር ቋንቋዎችን ጭውውት መዝነው፣ ከጥያቄ እስከ መልስ ያለው ዝምታ በአማካይ የአንድ ሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል ሲሆን፣ ከዐሥሩ ፈጣኑ ጃፓንኛ፣ ዘገምተኛውም ዴንማርክኛ ሆኖ አገኙ፤ የጃፓኖቹ አማካይ ከአንድ ሴኮንድ መቶኛ እጅ አይሞላም ነበር። አንድ ሰው ሥዕል አይቶ በገዛ ቋንቋው ስሙን ለመጥራት ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ያስፈልገዋልና፣ እንዲህ ፈጥኖ መመለስ የሚቻለው የተናጋሪውን ፍጻሜ አስቀድሞ በመገመት፣ መልሱንም እርሱ ሳይጨርስ በማሰናዳት ብቻ ነው። አሁን በዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት አራት ጃፓናውያንና አንድ ኢትዮጵያዊ ትሪዎቻቸውን አስቀምጠው ተቀምጠዋል እንበል። ስለ ፈተናው ወይም ስለ መምህሩ ጥያቄ ይነሣል፤ እንግዳው ቃላቱን ለይቶ፣ ትርጕሙን ጨብጦ፣ መልሱን በልቡ ሰክቶ አፉን ሲከፍት ነገሩ ሁለት ሰው አልፎ ሦስተኛው ላይ ደርሷል፤ ያዘጋጀውም መልስ፣ ምንም ትክክል ቢሆን፣ ጊዜው ያለፈበት ነው። ይህ በቀን ሠላሳ ጊዜ ሲደጋገም መዛልን ያመጣል፤ መስማትና ማሰናዳት አንድ ጊዜ የሚሠሩ ሁለት ሥራዎች ናቸውና፣ ማታ የሚሰማው ራስ ምታት የሥራ ድካም ነው።

የሚያዳምጠው ሰው ጠባይም እንዲሁ ያደናግራል። ጃፓናዊ አድማጭ ራሱን እየነቀነቀ፣ በየሐረጉ «ሃይ» ወይም «ኡን» እያለ ይከተላል፤ ይህ ግን ሰምቼሃለሁ ማለት እንጂ ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም። በእኛ ዘንድ አድማጭ ትንፋሹን ባጭሩ ወደ ውስጥ ሳብ ሲያደርግ «አዎን» ማለቱ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ጃፓናዊ ደግሞ በጥርሱ መካከል አየር ሲስብ፣ አንገቱንም ዘንበል ሲያደርግ፣ ነገሩ ያስቸግራል፣ ምናልባትም አይሆንም እያለ ነው። የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኛ የመኖሪያ ክፍል እንዲለወጥለት የሚለምን ተማሪ ያን ትንፋሽ ሰምቶ ደስ ብሎት ቢወጣ፣ በሳምንቱ ለምን እንዳልተፈጸመለት ሳይገባው ያዝናል።

ኖርዌያዊው ስቬሬ ሊስጎር በ1955 ወደ አሜሪካ ሄደው የተመለሱ ያገሩን ሰዎች ጠይቆ፣ እንግዳ በመጀመሪያ ይደሰታል፣ ከወራት በኋላ ያዝናል፣ ኋላም ይጽናናል ብሎ ጽፎ ነበር፤ ይህም ለብዙ ዘመን እንደ ሕግ ተቈጠረ። በ1998 ግን ኮሊን ዋርድና ባልደረቦችዋ ለትምህርት ኒውዚላንድ የገቡ የጃፓን ተማሪዎችን ከገቡባት ዕለት ጀምሮ በየጊዜው ሲጠይቁ፣ ከሁሉ የከበደው ጊዜ ያው መግቢያው ሆኖ፣ ከዚያ ወዲህ ሲቀልላቸው አገኙ። እኔ የሁለተኛውን ጥናት አምናለሁ፤ ጃፓናዊ ራሱ ከአገሩ ሲወጣ ያንኑ ሸክም መሸከሙን ማወቅም በገበታው ማዶ ስለሚቀመጡት ልጆች ያለንን ግምት ሊያቀና ይገባል።

ብዙ የጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ አገር ተማሪ አንድ ነባር ተማሪ እንዲረዳው ይመድቡለታል። እንግዶቹ ይህን ሰው የሚፈልጉት የባንክ ደብተር ለመክፈትና የቀበሌ ምዝገባ ለመፈጸም ብቻ ነው፤ እኔ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከብዙ ሰው ማኅበር ይልቅ ከእርሱ ጋር ምሳ መብላትን እመክራለሁ፤ ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ገበታ ተራውን የሚቀማ ሦስተኛ የለምና፣ መልሱ ቢዘገይም ቦታው ለእርሱ ተጠብቆ ይቈያል።