የእህል ነቀዝና ጠላቱ፤ ዕድሜና የአካል መጠን በጎተራ ውስጥ የሚሠሩት ሥራ

በቢቸናና በሞጣ ገበያ እህል የሚሸምት ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ጤፍ ደርቆ ከተቀመጠ ለዓመታት ነቀዝ ሳይነካው ይኖራል፤ ስንዴና በቆሎ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ተቦርቡረው ዱቄት ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ልዩነት ዋናው ምክንያት መጠን ነው። የነቀዝ ርዝመት 3 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፥ እጩ የሚያድገው በአንድ ፍሬ ውስጥ ተዘግቶ ነው። የጤፍ ፍሬ ርዝመት ግን 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ 1,000 ፍሬ ጤፍ ሲመዘን ሲሶ ግራም ገደማ፥ 1,000 ፍሬ ስንዴ ግን ከ30 እስከ 40 ግራም ይሆናል። ስለዚህ ጤፍ ለነቀዝ ልጅ ቤትም ስንቅም ሊሆነው አይችልም። ትልልቁን እህል ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ የማኖር የቆየ ልማድም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ የነቀዙን መንገድ ይዘጋበታልና።

ማን ማንን እንደሚበላ የሚወስነው የዘር ስም ብቻ ሳይሆን ዕድሜና የአካል መጠንም ነው። የጣና አምባዛ ገና ትንሽ ሳለ ለሌሎች ዓሦች ምግብ ይሆናል፤ ባደገ ጊዜ ግን ራሱ ዓሣ በላ ነው። የጎተራውም ሕግ ይኸው ነው።

ሴቷ ነቀዝ የስንዴውን ፍሬ በአፏ ትበሳለች፤ በቀዳዳው አንድ እንቁላል ጥላ፥ ከአካሏ በሚወጣ ሙጫ ትደፍነዋለች። እጩ ከዚያው ሳይወጣ እየበላ ያድጋል፤ አካሉንም ለውጦ ሙሉ ነቀዝ ሲሆን ፍሬውን ቦርቡሮ ይወጣል። ሙቀቱ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ስፍራ ይህ ሁሉ በ5 ሳምንት ያህል ይፈጸማል። ቢቸናና ሞጣ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላቸው ብርዱ እድገቱን ያዘገየዋል።

ይህን ነቀዝ የሚያጠቁ ጥቃቅን ተርቦች በብዙ አገሮች መጋዘኖች ይገኛሉ። ሴቷ ተርብ በቀጭኑ መውጊያዋ ፍሬውን ዘልቃ እጩን ታደነዝዘዋለች፤ እንቁላሏንም በላዩ ትጥላለች። ሆኖም የምትፈልገው በደንብ ያደገውን እጭ ነው፤ እንቁላሉና ገና የተፈለፈለው እጭ ለልጇ ምግብ አይበቁም፤ ሙሉውን ነቀዝ ደግሞ ጠንካራ ቅርፊቱ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፥ ከእነዚህ ተርቦች አንዷ ዓይነት በትልቅ እጭ ላይ ይልቁንም ሴት፥ በትንሽ እጭ ላይ ይልቁንም ወንድ ትወልዳለች። ስለዚህ ተርቧ ነቀዙን ትቀንሰዋለች እንጂ ፈጽማ አታጠፋውም፤ በሌላ ዕድሜ ላይ ያለው ሁልጊዜ ያመልጣታልና።

ለነጋዴው ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ነው። ወንፊት የሚያወጣው ሙሉውን ነቀዝ ብቻ ነው፤ እንቁላሉና እጩ በፍሬው ውስጥ ይቀራሉ። በሞጣ ንጹሕ መስሎ የተገዛ ስንዴ ወደ ሞቃት ቆላ ወርዶ ከርሞ እንደ ሆነ፥ ነቀዙ በገዢው መጋዘን ይፈላል፤ ሻጭና ገዢም ይካሰሳሉ። ስለዚህ ከመግዛት አስቀድሞ ጥቂት እፍኝ ስንዴ በውሃ ውስጥ ማፍሰስ ይገባል፤ ውስጡ የተበላ ፍሬ ቀልሎ ይንሳፈፋል። ጭርምትም ፍሬ ስለሚንሳፈፍ፥ የተንሳፈፈውን ሰንጥቆ ማየት ያስፈልጋል። በሽምብራ ላይ ግን የነቀዙ ዘመድ እንቁላሉን ከውጭ ስለሚለጥፍ፥ ነጫጭ ነጠብጣቡን በዓይን ማየት ይቻላል።

በጋዝ የሚታጠን መጋዘንም በሚገባ ተዘግቶ የታዘዘለትን ቀን ሁሉ ሊቆይ ይገባዋል፤ እንቁላሉና አካሉን በመለወጥ ላይ ያለው ከሙሉው ነቀዝ ይልቅ ጋዙን ይቋቋማሉና። ሥራውንም የሠለጠነ ሰው ብቻ ይሥራው። የሞተ ነቀዝ አይቶ ቀኑ ሳይሞላ መጋዘኑን የሚከፍት ነጋዴ፥ ወላጆቹን ገድሎ ልጆቹን ማቆየቱ ነው።