የፓይለት ሥልጠናን ወጪ ማን ይክፈል?

በክፍላችን «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ሲባል «ፓይለት» የሚል አይጠፋም። ማሠልጠኛውን ማን እንደሚከፍል ግን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ እሱን ላብራራላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ሥልጠናው ለምን ተወደደ? አብራሪነት ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም፤ አየር ላይ መውጣት የግድ ነው። በዓለም አቀፍ ደንብ የንግድ አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት 200 ሰዓት፣ በታወቀ ትምህርት ቤት ተከታታይ ሥልጠና ለወሰደ ደግሞ 150 ሰዓት መብረር ያስፈልጋል። በእያንዳንዷ ሰዓት ነዳጅ ይቃጠላል፣ አስተማሪ ይከፈለዋል፣ አውሮፕላኑም ጥገና ይፈልጋል። በዚህ አያበቃም። ለትልልቅ ጄቶች በየዓይነታቸው ሌላ ሥልጠና አለ። ቦይንግ 737 የሚያበር ሰው ዝም ብሎ ተነስቶ ኤርባስ ኤ350 አያበርም።

አሁን ወደ ክፍያው እንምጣ። መንገዱ 3 ነው።

1ኛ. ሠልጣኙ ራሱ ይከፍላል። በአሜሪካ ብዙዎች እንዲህ ነው የሚማሩት። ወጪው 100,000 ዶላር አካባቢ ስለሚደርስ ብዙዎቹ ይበደራሉ።

2ኛ. አየር መንገዱ ይከፍላል። በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወጣቶችን አወዳድሮ ያሠለጥናል። እነሱም ለተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል ውል ይፈርማሉ። በራሳቸው ከፍለው የሚማሩም አሉ።

3ኛ. ይጋራሉ። አየር መንገዱ አስቀድሞ ይከፍላል፣ አብራሪው ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይመልሳል።

«የፓይለት ደመወዝ ትልቅ ነው፣ ራሱ ይክፈል» የሚሉ አሉ። ደመወዙ ግን የሚመጣው ከሥልጠናው በኋላ ነው። እኔን እናቴ እንጀራ ሸጣ ነው የምታስተምረኝ። ቅድሚያ ክፈሉ ከተባለ ውድድሩ በችሎታ መሆኑ ቀርቶ በኪስ ይሆናል። ደግሞስ ሠልጣኙ መሃል ላይ ዓይኑ ቢታመምና ቢያቋርጥ? ፈቃዱ የለም፣ ዕዳው ግን አለ። ያንን ዕዳ አንድ ቤተሰብ አይችለውም፤ ብዙ ሰው የሚያሠለጥን ድርጅት ግን ይችለዋል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት አየር መንገዱ ይክፈል፣ አብራሪው ደግሞ በአገልግሎት ይመልስ። ሠልጥኖ ወዲያው ወደ ሌላ ድርጅት የሚሄድ ሰው ወጪውን መመለሱ ተገቢ ነው፤ አለበለዚያ ነገ ማንም ሌላውን አያሠለጥንም። ነገር ግን ግማሹን ዘመን ያገለገለ ሰው ሙሉውን ክፈል መባል የለበትም። የሠራው ሊቆጠርለት ይገባል።

የእኛ ድርሻ ደግሞ አሁን ነው፤ ቦታው በውድድር ስለሚገኝ በሒሳብ፣ በሳይንስና በእንግሊዝኛ እንበርታ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የማትስማሙ ካላችሁ ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ስጡ፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል