ጆሮም ትምህርት ቤት ይግባ
በከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ፣ ሰዋስውና ንባብ ልምምድ

እንግሊዝኛ በክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ከሌሎች ትምህርቶች ጋር ተደርድሮ ሲታይ እንደ ማንኛውም አንድ ትምህርት ሊመስል ይችላል። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ውስጥ ያለው ቦታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም የሚሰጠው በዚሁ ቋንቋ ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ የከበደው ተማሪ የሚቸገረው በአንድ ትምህርት ብቻ ሳይሆን በሁሉም ነው። ጉዳዩን ዛሬ ያነሣነው ቀን የሚማሩትን የከተማ ወጣቶችም ሆነ ከተረኝነት መልስ በማታ ትምህርት የሚተጉትን የሠራዊት አባላት በእኩል ስለሚመለከት ነው።

ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ጎልቶ ይሰማ የነበረው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። የሐረር ጦር አካዳሚ በሕንድ መኮንኖች ረዳትነት ሲቋቋምም ዕጩ መኮንኖቹ ይማሩ የነበረው በእንግሊዝኛ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በየብሔረሰቡ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃውና ከዚያ በላይ ያለው ግን በእንግሊዝኛ እንዲሆን ወሰነ። በዚህም ምክንያት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየ ልጅ፣ በአንዳንድ ክልሎች ቀደም ብሎ ቢሆንም፣ በአብዛኛው 9ኛ ክፍል ሲደርስ ወንዙን በአንድ ጊዜ መሻገር ይጠበቅበታል።

የመሻገሪያው ክብደት በፈተና ጊዜ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚህ ሁሉ ምክንያቱ እንግሊዝኛ ነው ማለታችን አይደለም፤ የመጽሐፍ እጥረት፣ የመምህራን ዝግጅት፣ ጦርነትና ወረርሽኝ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ጥያቄው የተጻፈበትን ቋንቋ በቅጡ ያልያዘ ተማሪ የሚያውቀውን እንኳ ሊመልስ እንደማይችል አያጠያይቅም።

ችግሩ ከየት እንደሚጀምር ለመረዳት በአንድ የማታ ክፍል ተገኝተን ነበር። መምህሩ አምስት ዓረፍተ ነገሮች ሁለት ሁለት ጊዜ እያነበቡ ተማሪዎቹ የሰሙትን እንዲጽፉ አዘዙ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሃምሳ አለቃ ከአምስቱ አንዱን ብቻ አሟልተው ጻፉ። መምህሩ ዓረፍተ ነገሮቹን በሰሌዳ ላይ ሲጽፏቸው ሃምሳ አለቃው በመገረም፣ «መምህር፣ ሲያነቡልን ምንም አልያዝኩም፤ አሁን ሳየው ግን የማላውቀው ቃል የለበትም» አሉ። መምህሩም ፈገግ ብለው፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ዐይንዎ ተምሯል፤ ጆሮዎ ግን ገና ትምህርት ቤት አልገባም» ሲሉ መለሱላቸው።

ይህ የሃምሳ አለቃው ብቻ ችግር አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና መልስ የሚመረጥበት በመሆኑ ማዳመጥ አይፈተንበትም፤ የማይፈተን ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ አይለመድም። የመማሪያ መጽሐፉ የማዳመጥ ልምምድ ቢይዝም በጊዜ ጥበት የሚዘለለው እርሱ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የተሠራጨው የፕላዝማ ትምህርት ወደየክፍሉ ሲገባ ይህ ክፍተት በግልጽ ታይቶ ነበር። ትምህርቱ በጥሩ ሁኔታ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ በርካታ ተማሪዎች የአነጋገሩ ፍጥነትና ቅላጼ እንዳመለጣቸው ተናግረዋል። ጆሮው ያልሠለጠነ ተማሪ ምስሉን ያያል እንጂ ትምህርቱን አይሰማም።

የጆሮው ችግር የስንፍና ውጤት እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። አማርኛ ተናጋሪ «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ ደግሞ «ይገኛል» ማለት መሆኑን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይለያል። በሌላ አነጋገር ጆሯችን የተነባቢን መጥበቅና መላላት ለመለየት የሠለጠነ ነው። እንግሊዝኛ ግን ብዙ ቃላቱን የሚለየው በአናባቢ ነው። መርከብ የሚባለውና በግ የሚባለው ቃል በፊደላችን ቢጻፉ ሁለቱም «ሺፕ» ይሆናሉ፤ በእንግሊዝ ሰው አንደበት ግን የአንዱ አናባቢ አጭር፣ የሌላው ረጅም ነው። ከዚህም በላይ «ካን» እና «ካንት» በፈጣን ንግግር ሲመጡ አንዲት የመጨረሻ ድምፅ «ይችላል» የሚለውን «አይችልም» ታደርገዋለች። ይህ በደንብ ዝርዝር አይያዝም፤ በተደጋጋሚ በመስማት ብቻ ይለመዳል።

የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ በ1952 ዓ.ም. የጀመረው ልዩ የእንግሊዝኛ ዝግጅት በዚህ መሠረት ላይ የቆመ ነበር። 1,500 ያህል ቃላትን ብቻ በመጠቀም፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮችና ዝግ ባለ አነባበብ ዜናና ትረካ ያቀርብ ነበር። ዛሬ ስልክ ያለው ተማሪ ተመሳሳይ ንባቦችን ከነጽሑፋቸው ያገኛል። ስልክ ለሌለው ደግሞ የጓደኛው ድምፅ አለለት። አንዱ አንቀጽ ሲያነብ ሌላው መጽሐፉን ዘግቶ ይጻፍ፤ ቀጥሎ ከመጽሐፉ ጋር ያስተያይ። ዋናው ነገር መጀመሪያ መስማት፣ ኋላ ማየት ነው።

ሰዋስውን በተመለከተ፣ ተማሪዎቻችን የደንቡን ስም መጥራት አያቅታቸውም። የሚከብዳቸው ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ አካሄድ ማቆም ነው። በአማርኛ «ትናንት መጥቻለሁ» ማለት ነውር የለበትም። ይህንኑ ቃል በቃል ገልብጦ «አይ ሃቭ ካም የስተርዴይ» የሚል ተማሪ ግን ይሳሳታል፤ እንግሊዝኛ ያለፈው ጊዜ ተለይቶ ከተነገረ «አይ ኬም የስተርዴይ» እንዲባል ያስገድዳልና። እንዲሁም «ተከፈተ» በሚለው ቃላችን ውስጥ አንዲት «ተ» የምትሠራውን ሥራ እንግሊዝኛው «ዎዝ ኦፕንድ» ብሎ በሁለት ቃላት ይሠራዋል። የሳይንስ መጻሕፍት በዚህ ዓይነት ግሥ የተሞሉ ስለሆኑ ይህን የሳተ ተማሪ አድራጊውን ከተደራጊው ያምታታል። እንግዲህ የሚበጀው የደንብ ዝርዝር ከመሸምደድ ይልቅ በየቀኑ አንድ አሠራር ይዞ ስለ ራስ ሥራ አምስት እውነተኛ ዓረፍተ ነገሮች መጻፍና ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው።

ንባብም የሚሰናከለው በዚሁ በአካሄድ ልዩነት ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን እስከ መጨረሻው ያቆያል፤ እንግሊዝኛው ከባለቤቱ ቀጥሎ ያመጣዋል። እኛ «ትናንት ከጎንደር የመጣው ወታደር» ስንል ወታደሩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። እንግሊዝኛው ግን ወታደሩን አስቀድሞ ከየትና መቼ እንደመጣ በኋላ ይናገራል። እያንዳንዱን ቃል ወደ አማርኛ እየመለሰ የሚያነብ ሰው እስከ ነጥቡ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል፤ የፈተናው ሰዓትም በዚሁ ምልልስ ያልቃል።

ስለሆነም አንቀጹን መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ያስፈልጋል። ከዚያ የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ባለቤትና ግሥ መፈለግ፣ ያልታወቀውን ቃል ከጎረቤቶቹ መገመት፣ በመጨረሻም መጽሐፉን ዘግቶ የአንቀጹን ሐሳብ በሦስት ዓረፍተ ነገር መናገር ይገባል። ለዚህ ልዩ መጽሐፍ መግዛት አያሻም፤ የባዮሎጂው ወይም የጂኦግራፊው መጽሐፍ አንድ ገጽ ይበቃል። በዚህ መንገድ ተማሪው አንድ ጊዜ ደክሞ ሁለት ትምህርት ያጠናል።

ወታደር የጦር መሣሪያ ፈትቶ መግጠምን የሚለምደው የክፍሎቹን ስም በቃሉ በማጥናት ብቻ አይደለም፤ እጁ በጨለማ እስኪያውቀው ድረስ ይደጋግመዋል። ቋንቋም እንዲሁ ነው። በቀን 10 ደቂቃ ለጆሮ፣ 10 ደቂቃ ለሰዋስው፣ 10 ደቂቃ ለንባብ ቢመደብ በሳምንት ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ፈተና ሲቃረብ ሌሊቱን ሙሉ ከመሸምደድ ይህ እንደሚበልጥ የታወቀ ነው።

መምህራንም ክፍላቸው 60 እና 70 ተማሪ ቢይዝ፣ የድምፅ መሣሪያም ባይኖራቸው፣ የራሳቸው ድምፅ እንዳለ አይዘንጉ። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አምስት ዓረፍተ ነገር አንብቦ ማጻፍ ከአምስት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ተማሪዎች ወረቀት ተለዋውጠው ስለሚተራረሙም በመምህሩ ላይ የእርማት ሸክም አይጨምርም። ወላጆችም ልጃቸው ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ በባዕድ ቋንቋ ሲያነብ «አትረብሸን» ከማለት ይልቅ መብራትና ጥግ ይስጡት። ያ ጩኸት ነገ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚገቡበት በር ሲከፈት የሚሰማ ድምፅ ነው።