በርሊን ከብስክሌት ኮርቻ ላይ

በርሊን በእግር እንዳትጎበኝ ትሰፋለች፤ በአውቶቡስ መስኮት እንዳትታይ ደግሞ ዋናው ነገሯ ያለው መሬት ላይ ነው። ስፋቷ ወደ 890 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በዚያ ላይ እንደ ብዙ የአውሮፓ ከተሞች አንድ መሀል የላትም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አፈራረሳት፤ ቀጥሎ የመጣው ግንብ ለሁለት ከፈላት፤ ምሥራቁም ምዕራቡም የየራሱን መሀል ከተማ ሠራ። ደግነቱ እንደ አዲስ አበባ ሽቅብ ቁልቁል አያውቃትም፤ ሜዳ ናት። በብስክሌት የሚደረግ የቡድን ጉብኝት እዚያ የደራውም ለዚህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጎብኚዎች በተቀጠሩበት ሰዓት አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የተለመደው መገናኛ አሌክሳንደርፕላትስ፣ ምሥራቅ ጀርመኖች በ1969 (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያቆሙት 368 ሜትር የሚረዝም የቴሌቪዥን ማማ ያለበት አካባቢ ነው። አስጎብኚው ኮርቻውን በየሰዉ ቁመት ልክ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ሁሉም እዚያው አንድ ሁለት ዙር ይሞክራል፤ ከዚያ ጉዞ ነው። ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል፤ አብዛኛው ጊዜ ግን የሚያልፈው ቆሞ በመስማት ስለሆነ እግር አይዝልም።

ብስክሌቱ የእሽቅድምድም ዓይነት አይደለም። ከበድ ያለ፣ መሪው ሰፊ፣ ወገብን ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጥ የከተማ ብስክሌት ነው። የብዙዎቹ ማርሽ ከኋላው ቸርኬ እምብርት ውስጥ የተደበቀ በመሆኑ ካቴናው ቶሎ ቶሎ አይወልቅም። አዲስ ሰው የሚያስደነግጠው ፍሬኑ ነው። ከመሪው ላይ ካለው የእጅ ፍሬን ሌላ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የኋላው ጎማ ቀጥ ብሎ ይያዛል። ቁልቁለት ላይ ፔዳል ወደ ኋላ እያሽከረከረ መንሸራሸር የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ እንደ ግትር በቅሎ ድንገት ይገተርበታል። አምስት ደቂቃ ሲነዱት ግን እጅ ነጻ የሚያደርግ ግሩም ፍሬን ሆኖ ይገኛል።

ሕጉም ሊታወቅ ይገባል። የጀርመን የመንገድ ትራፊክ ደንብ ከ15 በላይ የሆኑ ብስክሌተኞች አንድ ላይ ሲጓዙ እንደ አንድ ተሽከርካሪ እንዲቆጠሩ ይፈቅዳል፤ የፊተኛው በአረንጓዴ ከገባ፣ መብራቱ መሀል ላይ ቢቀላም የኋለኞቹ ተከትለው ያልፋሉ። ከዚያ ያነሰ ቡድን ግን ይህ መብት ስለሌለው ቀይ በበራ ቁጥር ለሁለት ይቆረጣል፤ አስጎብኚውም ተሻግሮ ጥግ ይዞ ይጠብቃል። የተቆረጠ ሰው ልድረስባቸው ብሎ ቀይ መጣስ የለበትም። የራስ ቁር ማድረግ ግዴታ አይደለም፤ እኔ ግን አድርጉ እላለሁ። የብስክሌት መስመር ላይ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ደግሞ የበርሊን ሰው በቀላሉ የማይታገሠው ጥፋት ነው። መጀመሪያ ደወል፣ ቀጥሎ ቁጣ ይመጣል።

ይህ ጉብኝት ከሌላው የሚበልጠው ግንቡ ላይ ነው። ብዙ ሰው የበርሊን ግንብ ከተማዋን መሀል ለመሀል የሰነጠቀ አንድ ቀጥ ያለ አጥር ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ምዕራብ በርሊንን ዙሪያዋን የከበበ፣ 155 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀለበት ነበር። መሥራት የተጀመረው ነሐሴ 13 ቀን 1961 ነው፤ የተከፈተው ኅዳር 9 ቀን 1989። ዛሬ አብዛኛው ፈርሶ የለም። በመሀል ከተማ ግን የነበረበት መስመር አስፋልቱ ላይ ጎን ለጎን በተነጠፉ ሁለት ረድፍ ድንጋዮች ተመልክቷል። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ሳያውቀው ያልፈዋል፤ ብስክሌተኛውን ግን ጎማው ዱብ ዱብ ብሎ ይነግረዋል። (ያው የምናውቀው ዓይነት ኮብልስቶን ነው፤ የእኛም አገር የኮብልስቶን ሥራ የተስፋፋው በጀርመኖች የቴክኒክ ድጋፍ ነበር።)

መስመሩን ተከትለው ወደ ሰሜን ሲሄዱ በርናወር ጎዳና ይደርሳሉ። እዚህ የአንደኛው ወገን ቤቶች የምሥራቅ፣ ደጃፋቸው ያለው የእግረኛ መንገድ ደግሞ የምዕራብ ነበር። በሩ ሲታሸግ ሰዎች በመስኮት ዘለሉ፤ መስኮቱም በጡብ ተደፈነ። በ1964 ከምዕራብ በኩል ተማሪዎች ከመሬት ሥር በቆፈሩት ዋሻ 57 ሰዎች አመለጡ። ሁሉም አልቀናውም፤ በርሊን ውስጥ በግንቡ ሳቢያ ቢያንስ 140 ሰዎች ሞተዋል። በግንቡ የውጭና የውስጥ አጥሮች መካከል ተከልሎ የቀረውን ቤተ ክርስቲያን የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በ1985 በፈንጂ አፈረሰው። በ2000 በቦታው የተሠራው ሞላላ ጸሎት ቤት ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ አፈሩ ውስጥ የፈረሰው ቤተ ክርስቲያን የጡብ ስብርባሪ ተደባልቋል። ቀረብ ብሎ ላየው ስብርባሪው በዓይን ይለያል። በርሊን ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ይህን ቢመርጥ አይቆጨውም።

የብራንደንቡርግ በርን ለኢትዮጵያዊ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ በቴሌቪዥን ስንቴ አይተነዋል። የበርሊን ማራቶን በዚህ በር ሥር ማለፍ የጀመረው በ1990፣ ሁለቱ ጀርመኖች ሊዋሐዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው። ዛሬ ሯጮቹ ከምሥራቅ መጥተው፣ በበሩ አልፈው ጥቂት መቶ ሜትር እንደሮጡ ይጨርሳሉ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 በ2፡03፡59፣ ትዕግሥት አሰፋም በ2023 በ2፡11፡53 የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበሩት እዚህ ነው። ግንቡ የነበረው ከበሩ በስተ ምዕራብ ስለሆነ፣ ሁለቱም ወደ መጨረሻው መስመር የደረሱት እነዚያን ሁለት ረድፍ ድንጋዮች ተሻግረው ነው ማለት ነው።

ጉድለት የለውም አልልም። ሙዚየም አይገባበትም፤ እየነዱ መስማትም አይቻልም፤ ዝናብ ከጣለ ደስታው ግማሽ ነው። የአስጎብኚዎቹም ችሎታ ይለያያል። በጀርመን ለዚህ ሥራ መንግሥት የሚሰጠው የግዴታ ፈቃድ ስለሌለ የታሪክ ምሁርም፣ ታሪኩን በቃሉ ያጠና ወጣትም ሊገጥማችሁ ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የመቆሚያዎቹ ምርጫ ነው። ከብራንደንቡርግ በር ወደ ደቡብ ትንሽ እንደተነዳ ሂትለር የሞተበት ምሽግ የነበረበት ቦታ ይገኛል። ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ የሚታይ ነገርም የለውም፤ ጎብኚ ግን አያጣም። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ቪልሄልም ጎዳና ላይ የጀርመኑ ቻንስለር የቢስማርክ ቤተ መንግሥት ነበር። ከኅዳር 1884 እስከ የካቲት 1885 የ14 አገሮች መልእክተኞች አፍሪካን የሚቀራመቱበትን ደንብ የተዋዋሉት እዚያ ነው። አንድም አፍሪካዊ አልተጠራም። ከጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት አንዷ ጣሊያን፣ ጉባኤው ገና ሳይበተን የካቲት 5 ቀን 1885 ምጽዋን ያዘች። ዘመኑ የዐፄ ዮሐንስ ነበር፤ ዐድዋ ሊመጣ 11 ዓመት ቀርቶት ነበር። ሕንፃው ዛሬ የለም፤ አካባቢው በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ማብቂያ የተሠሩ አፓርትመንቶች የቆሙበት ሰፈር ሆኗል። ስለ ጉባኤው የሚናገር ሰሌዳ ግን መንገዱ ዳር ቆሟል። አስጎብኚው በራሱ ላያቆማችሁ ይችላል። በብስክሌት ሁለት ደቂቃ አይፈጅምና ከመነሳታችሁ በፊት በመስመሩ ውስጥ እንዲያስገባው ጠይቁት።