ቅቤ፣ ኑግና ብርድ

ማታ አቅልጠን ያስቀመጥነውን ቅቤ ደጋ አገር ጧት ረግቶ እናገኘዋለን። የኑግ ዘይት ግን ሳይረጋ ያድራል። ሁለቱም ቅባት ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ?

ቅባት የተሠራው በዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች ነው። ቅንጣቶቹ ጭራ አላቸው። በቅቤ ውስጥ አብዛኛው ጭራ ቀጥ ያለ ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ተጠጋግቶ ጥብቅ ብሎ ይታሰራል። የቅቤም ቅንጣቶች ብርድ ሲመጣ እንዲሁ ተጠጋግተው ይረጋሉ። የኑግ ዘይት ጭራ ግን አብዛኛው ጎባጣ ነው። ጎባጣ እንጨት ሲታሰር ክፍተት ይተዋል፤ ዘይቱም ቶሎ አይረጋም።

ሰውም፣ ከብትም፣ እህልም የተሠሩት ሕዋስ ከሚባሉ ደቃቅ ክፍሎች ነው። ሕዋስን የሚከበው ስስ ሽፋን መሠረቱ ቅባት ነው። ይህ ሽፋን ላላ ማለት አለበት። ከረጋ ሥራው ይታወካል፤ በውስጡ የያዘውንም ያፈሳል።

ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ሲቆይ ልጣጩ የሚጠቁረው በአብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው። ስንዴና ገብስ ግን ብርዱ ቀስ እያለ ሲመጣ በሽፋናቸው ውስጥ ጎባጣውን ቅባት ያበዛሉ። ብርድ የሚችሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ ሙዝ ብርድ ቦታ አታስቀምጡ። ለደጋ መሬትም ብርድ የሚችል ዘር መርጣችሁ ዝሩ።