ከአዲስ አበባ እስከ ዋሺንግተን

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ረፋድ ላይ በጎረቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ አንዲት እናት ቅር ብሏቸው አገኘኋቸው። ልጃቸው ፈረስ ቤት መጥታ በዓሉን ከዋለች በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሳለች። «ዋሺንግተን የገባሁት ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ተኩል ነው» ትበል እንጂ ስልክ የደወለችው ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ነበር። «ይህን ያህል ጊዜ እናቷን ረሳች? አንተ ተማሪ ነህና እስቲ አስረዳኝ» አሉኝ። ደግሞም ስትመጣ 13 ሰዓት ያህል የፈጀው ጉዞ ስትሄድ ወደ 17 ሰዓት መድረሱ «መንገድ ላይ ምን አገኛት?» አሰኝቷቸው ነበር።

ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከፍኖተ ሰላም እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ሠላሳ ጊዜ ያህል ቢቀጣጠል ነው። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች አጭሩ መስመር በግድግዳ ካርታ ላይ እንደምናሰምረው አይደለም። በሉል ላይ ክር ብንወጥር ወደ ሰሜን ምዕራብ አቅንቶ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄርያ ላይ ያልፍና እስፔንን ነክቶ አትላንቲክን ያቋርጣል። ሉል ያላገኘ በብርቱካን ይሞክረው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ያደረገው በአሥመራ በኩል ነበር። ወደ ዋሺንግተንም ሲሄድ በሮም ወይም በደብሊን አርፎ ነዳጅ የጨመረባቸው ዓመታት አሉ። ሲመለስ ግን ሳያርፍ ይመጣል። ምክንያቱ የአገራችን ከፍታ ነው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍን የሚያነሣው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ አይሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ መሮጥ ይኖርበታል፤ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ መንገደኛውንና ጓዙን ጭኖ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ልጨምር ቢል ክብደቱ አያስነሣውም። የዋሺንግተኑ ማረፊያ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላምና ነዳጁን ሞልቶ ይነሣል።

በዚህ ላይ ነፋሱ አለ። አይሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ በአትላንቲክ ላይ ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ መጪውን ይገፋል፣ ሂያጁን ይመክታል።

የስልኩ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር ለአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ይደርሰዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል 116 ዲግሪ ያህል አለ። አሜሪካውያን ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚያዛውሩ ልዩነቱ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ 7፣ በቀረው ጊዜ 8 ሰዓት ነው። ልጂቱ ከምሽቱ በአራት ሰዓት ተኩል ከቦሌ ተነሥታ 17 ሰዓት ስትጓዝ በእኛ ሰዓት በማግሥቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከዚህ ላይ 7 ሲቀነስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። እንግዲህ በደረሰች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደውላለች ማለት ነው።

ይህን በጣቴ እየቆጠርሁ ሳስረዳቸው እናትዮዋ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ታዲያ እዚያ አሁን ገና አልነጋም?» አሉኝ።